የግጥምና የስዕል ስብስብ ላይ ከልብ ኢሞጂ ሌላ ምን እንበል?

የቅዳሜ አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ የከረመ ነገር ልጠይቃችሁ። ቴሌግራም ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየፌስቡኩና ከየቻናሉ ግጥም፣ አጭር ልቦለድ፣ ወግ፣ ስዕል እየለቀመ አንድ ላይ የሚያወጣ ቻናል እከታተላለሁ፣ እንዲህ አይነት ስብስብ አሁን በዝቷል እናንተም የየራሳችሁ አይጠፋችሁም። የኔው አድሚን ዓይን ያለው ሰው ነው፣ እኔ ብቻዬን ብሆን በዛ ሁሉ ዜናና ጭቅጭቅ መሀል በጭራሽ የማላገኘውን ነው አበጥሮ የሚያመጣልኝ፣ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው እሱን ለመውቀስ አይደለም።

ባለፈው ካወጣቸው ውስጥ አረብ ሀገር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለእናቷ የጻፈችው ግጥም ነበር። ሙሉውን እዚህ አላመጣም፣ እኔን የያዘኝን ሁለት ስንኝ ብቻ፦

ስልኬ ፊትሽንማ ሁሌ ያሳየኛል፣
የእንጀራሽን ሽታ ማን ይልክልኛል።

ይቺን ካነበብኩ በኋላ ሥራ ላይም ታክሲ ውስጥም እየመጣች ታቃጭልብኛለች። ሌላው ሰው ምን አለ ብዬ ወደ ኮሜንቱ ስወርድ ልብ፣ እሳት፣ ጭብጨባ፣ ዋው፣ ቃል የለኝም፣ ከዛ ሁለት ሰዎች በማይገናኝ ነገር ሲሰዳደቡ፣ በቃ። ስለ ግጥሟ አንድ ዓረፍተ ነገር የጻፈ የለም። ከላይ ደግሞ "ከፌስቡክ የተገኘ" ይላል እንጂ የልጅቷ ስም የለም፣ የብዕር ስምም የለም፣ ገጿም የለም። ታዲያ እኔ የሆነ ነገር ልበል ብል እንኳን ለማን ነው የምለው? አድሚኑን ላመስግን? እሱ መረጠ እንጂ አልጻፈም እኮ።

እና እንዲህ አይነት ስብስብ የምታነቡ ሰዎች ምን ብላችሁ ነው የምትመልሱት? የምትጽፉና የምትስሉ ደግሞ ምን አይነት ምላሽ ነው ቁጭ ብላችሁ ሌላ እንድትሠሩ የሚያደርጋችሁ? ስብስብ የምታዘጋጁም ካላችሁ ሙሉ ጽሑፉን መለጠፍ ነው የሚሻለው ወይስ ቀንጭቦ ሊንክ ማድረግ? እኔ በበኩሌ የሠሪው ስም የሌለው ነገር ባይለጠፍ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ግን የናንተን ልስማ።

ከሐዋሳ፦

ከሊንኩ ልጀምር፣ በናትህ ሊንክ ብቻ አታስደርግብን። ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ዳታ የሚባል ነገር አይበላም፣ ሊንኩን ስትነካው ግን ፌስቡክ ይከፈትና ፓስወርድ ይጠይቅሃል፣ ከገባህም ግጥሙ ጋ እስክትደርስ ቪዲዮው በላይ በላዩ እየተጫወተ ፓኬጅህን ይጨርሰዋል። ክፍለ ሀገር ያለ ሰው ኔትወርክ በሚያገኝባት ትንሽ ሰዓት ከፍቶ ሙሉውን ቢያነብ ነው የሚሻለው። ሙሉው ይለጠፍ፣ ከስሩ ስምና ሊንክ ይኑር፣ ዳታ ያለው ሄዶ ያመስግናት። እኔ ሁለቱን የሚያጣላቸው ነገር አይታየኝም።

ምላሹን በተመለከተ፣ እኔ ራሴን ያስለመድኩት ነገር ምን መሰለህ፣ የት ጋ እንደቆምኩ መናገር ነው። አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ ተመልሶ የሄደባት ቦታ የትኛዋ ናት? እሷን እጽፋለሁ። አሁን ያመጣሃት ስንኝ ላይ ለምሳሌ እኔን የገረመኝ ልጅቷ ናፈቅሽኝ አላለችም፣ አለቀስኩም አላለችም፣ ምጣዱ ላይ ነው የሄደችው። ስልክ እናትን ያሳያል፣ ድምጿን ያሰማል፣ ቪዲዮ ኮል አለ፣ አንድ የቀረ ነገር ሽታ ነው፣ እሷም እሱን አገኘችው። ይሄን ብጽፍላት ሦስት መስመር አይሞላም፣ ግን የጻፈችውን ሰው እንዳነበበላት ታውቃለች። "ምርጥ ነው" ስላት ግን ያነበብኩት ይሁን ዝም ብዬ ያለፍኩት በምን ታውቃለች?

ስንኝ ቆጣሪ፦

የሐዋሳው ልክ ብሏል፣ እኔ ግን ስለ ቅርጹ አንድ ነገር ልጨምር ማንም ስለማያነሳው ነው። ይቺ ግጥም የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምት የተጻፈች ናት፣ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት ቀለም፣ ቀለም የምለው ሲነበብ አንድ ተብሎ የሚቆጠረውን ድምፅ ነው። "ስልኬ ፊትሽንማ" ብለህ ታርፍና "ሁሌ ያሳየኛል" ትላለህ። ጮክ ብለህ ካነበብከው ምቱ ራሱ ይመራሃል። አሁን ቻናሉ ላይ እንዴት ነው የለጠፉት? የስልኩ ስክሪን ጠባብ ስለሆነ ፊደሉን ትልቅ ያደረገ ሰው ጋ መስመሩ ያለቦታው ይሰበራል፣ "ያሳየኛል" ብቻዋን ታች ወርዳ ትቀራለች፣ አንባቢው ደግሞ እዛ ጋ ማረፍ ያለበት ይመስለዋል። ጭራሽ አንዳንድ ቻናል ስንኙን ሁሉ ደርድሮ እንደ ዜና በአንድ አንቀጽ ይለጥፈዋል፣ ቦታ ለመቆጠብ ይሁን ምን ይሁን አይገባኝም። ግጥም እንደዛ ሲሆን ይሞታል፣ ሰው "አልመታኝም" ቢል አይፈረድበትም፣ ያነበበው ግጥሙን አይደለማ።

ከሌሎቹ የግጥም ምቶች ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ስለሆነ፣ ቡሄ በሉም አራት በአራት ስለሆነ ስልክ ላይ ብዙ አይቸገሩም። የወል ቤትና ከዛ የረዘመውን ግን አዘጋጁ ራሱ ማረፊያው ጋ ለሁለት ቢከፍለው ይሻላል፣ ገጣሚዋን ጠይቆ ማለቴ ነው። ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ትንሽ ስክሪን ያለው ስልክ ላይ ከፍቶ ይየው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነገር ለአድሚኑ መጻፍ ራሱ ምላሽ ነው፣ እኔ ጽፌለት አስተካክሎ ያወጣ አድሚን አውቃለሁ።

ከሰል በወረቀት፦

እኔ ሰዓሊ ነኝ፣ ስለ ስዕሉም ወገን ይነገር። አንዴ ሥራዬ እንዲህ ያለ ስብስብ ላይ ወጥቶ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም ምክንያቱም ሰዎቹ በክፋት አላደረጉትም። በከሰል የሠራሁት የሚኒባስ ረዳት ነው፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ መልሶ ሰው ሲጠራ፣ ግራ እጁ ከበሩ ጠርዝ ላይ፣ ቀኝ እጁ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ጣቶቹ መሀል ብሮቹን በቁመታቸው አጥፎ እንደያዘ። ረዳቶች ብር እንዴት እንደሚይዙ አይታችኋል አይደል፣ አስሩ ለብቻ፣ ሃምሳው ለብቻ፣ መቶው ለብቻ፣ እያንዳንዱ በየጣቱ መሀል። ስዕሉን የጀመርኩት ከዛች እጅ ነው፣ ሌላው ሁሉ ለሷ ሲባል የመጣ ነው።

ስብስቡ ላይ ሲወጣ ሁሉንም ፖስት በአንድ አይነት አራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ ስለሚያስገቡት ክሮፕ ተደረገና እጁ ተቆረጠ። የቀረው አፉን የከፈተ ልጅ ፊት ነው። ኮሜንቱ በሙሉ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ "የተናደደ ወጣት"፣ "የትውልዱ ጩኸት"፣ አንዱማ ስለ ሥራ አጥነት ረጅም ነገር ጽፏል፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር ግን የኔ ልጅ ሥራ ላይ ነው፣ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ነው የሚለው! ሰዎቹን አልወቅስም፣ ያዩትን ነው ያነበቡት።

ስለዚህ አዘጋጆች ሁለት ነገር አድርጉልን። ስዕል አትቁረጡ፣ ሳጥኑ ባዶ ቦታ ይኑረው ችግር የለውም። ደግሞ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ብላችሁ ስትልኩት ይጨመቃል፣ የከሰል ግራጫው ሁሉ ይደፈርሳል፣ ከፎቶው ስር ያንኑ እንደ ፋይል አያይዙት፣ ማየት የፈለገ አውርዶ በጣቱ እያሰፋ ያየዋል። መጠኑን ጻፉ፣ በምን እንደተሠራም ጻፉ። በስልክ ሁሉም ስዕል እኩል ነው የሚመስለው፣ የእጅ መዳፍ የሚያክለውም ግድግዳ የሚሞላውም። አፈወርቅ ተክሌ አፍሪካ አዳራሽ የሠራው የመስታወት ሥራ 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ስልክ ላይ ግን ፖስት ካርድ ያክላል፣ መጠኑ ያልተነገረው ሰው ምን እንደቀረበት አያውቅም።

አንባቢዎችስ ምን በሉ ላላችሁት፣ እኔን የሚጠቅመኝ ዓይናችሁ መጀመሪያ የት እንዳረፈና ከዛ ወዴት እንደሄደ ብትነግሩኝ ነው። የስዕል ትምህርት አይጠይቅም።

ስብስብ አዘጋጅ፦

እኔም ትንሽ ቻናል አለኝ፣ ጠያቂው የሚከታተለው የኔ አይደለም፣ ግን የሚመለከተኝ ስለሆነ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። የክሮፑን ነገር ወስጃለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ስለ ስም ጉዳይ ግልጹን ልናገር። "ከፌስቡክ የተገኘ" ብሎ መለጠፍ ስንፍና ነው፣ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ይገኛል። እኔ የማደርገው የመጀመሪያውን መስመር ሳይሆን መሀል ላይ ያለች አንድ ለየት ያለች መስመር ቀድቼ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጌ መፈለግ ነው፣ ምክንያቱም ኮፒ የሚያደርጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱንና መግቢያውን ነው የሚነካኩት፣ መሀሉን ማንም አይነካውም። ከመጡት ውስጥ በቀን የሚቀድመውን እከፍታለሁ። ከዛ ኢንቦክስ ገብቼ "ይሄ ሥራ የርስዎ ከሆነ ቅዳሜ ላወጣው እፈልጋለሁ፣ በምን ስም ላድርገው" እላለሁ። የማይመልስ ይኖራል፣ የዛን ጊዜ አላወጣውም። የሚቆጨኝ ብዙ ጥሩ ሥራ እንደዛ ቀርቶብኛል ግን ሌላ መንገድ የለም።

ሕጉም እኮ አለ፣ ሰው የሌለ ነው የሚመስለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጸሐፊው ሥራው በስሙ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብቱን ከገንዘቡ መብት ለይቶ ነው ያስቀመጠው፣ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እያለና ካለፈ በኋላ ደግሞ 50 ዓመት ነው። ከታተመ ሥራ ላይ በመጠኑ መጥቀስ ይፈቀዳል፣ ምንጩና የደራሲው ስም ካለበት። ፌስቡክ ላይ በነፃ ስለተለጠፈ የማንም ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ሌላ ቻናል ላይ ያያችሁትን ደግሞ ኮፒ ከምታደርጉ ፎርዋርድ አድርጉት፣ ከየት እንደመጣ ከላዩ ላይ አብሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ሰው ሆን ብሎ የላኪውን ስም ደብቆ ነው ፎርዋርድ የሚያደርገው፣ ይሄ እኔን በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ስለ ምላሽ። እኔን የልብና የእሳት ቁጥር ሊያሳስተኝ ይችላል፣ ይሄንን ልብ በሉልኝ። ሁለት መስመር የፍቅር ግጥም ሳወጣ ቁጥሩ ይተኮሳል። ረጅም ወግ ሳወጣ፣ አንድ ሰው ስለ አያቱ የሽመና ጉድጓድ በጥንቃቄ የጻፈውን የመሰለ ማለቴ ነው፣ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ስዕልም እንደዛው። ቁጥሩን ብቻ ተከትዬ ብመርጥ ኖሮ ይሄን ጊዜ ቻናሉ የናፍቆት ስንኝ ብቻ ይሆን ነበር። ከዛ ያዳነኝ አንድ አንባቢ ኢንቦክስ ገብታ "ሰሞኑን ሁሉም ነገር አንድ አይነት እየሆነ ነው፣ የሽመናውን የመሰለ ለምን አይደገምም፣ እኔ መወርወሪያው ሲመላለስ የሚያሰማውን ድምፅ የጻፈበት ቦታ ላይ አባቴን ነው ያየሁት" ያለችኝ ናት። መልእክቷን ለጸሐፊው አስተላለፍኩለት፣ ሁለተኛውን ክፍል ጻፈ። ሁለተኛው ክፍል የተጻፈው በሷ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ጡረተኛው፦

ልጆች፣ እኔ በሬዲዮና በመጽሔት ጊዜ ያደግኩ ሰው ነኝ። "ከመጻሕፍት ዓለም" በሬዲዮ ሲተላለፍ ጎረቤት ሁሉ አንድ ቤት ይሰበሰብ ነበር፣ ሲያልቅም ማንም ተነስቶ አይሄድም፣ ያ ገጸ ባህሪ እንዲህ ማድረግ ነበረበት፣ የለም አልነበረበትም እየተባለ ክርክር ነው። መነንና የካቲት መጽሔቶች ላይ ግጥምና አጭር ልቦለድ ሲወጣም ሰው ወረቀት ገዝቶ፣ ፖስታ ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ ነበር ሐሳቡን የሚልከው። ከዛ በኋላ በናንተው ዘመን ቅዳሜ አዲስ አድማስን ይዞ የጥበብ ዓምዱን ከጓደኛው ጋር ሲያነብ የሚውለውን አይቻለሁ። ምርጫ የሚያደርግ አዘጋጅ ያኔም ነበር፣ አዲስ ነገር አይደለም።

ልዩነቱ ያኔ ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳ ሰው ስለምን እንደሚጽፍ ማሰብ ግድ ነበረበት፣ ለአንድ "ግሩም ነው" ቴምብር አያወጣማ። አሁን መላክ ቀለለ፣ ይሄ መልካም ነው፣ እኔ ራሴ ከአልጋዬ ሳልነሳ እጽፋለሁ። ግን ጸሐፊው የሚፈልገው ያኔም አሁንም ያው ነው፣ ያነበበው ሰው ምን እንዳገኘ ማወቅ።

ሰዓሊው ልጄ ስላልከው ደግሞ፣ ግጥምና ስዕል ለየብቻ ሳጥን ውስጥ ባይቀመጡ ደስ ይለኛል። ገብረክርስቶስ ደስታ ሰዓሊም ገጣሚም ነበር፣ ጀርመን ሀገር ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ ሁለቱንም ነው የሠራው። አዲስ አበባ ያላችሁ በስሙ የተሰየመውን የዩኒቨርሲቲውን ዘመናዊ ሥነጥበብ ሙዚየም ሂዱና ሸራውን በአካል እዩት፣ የቀለሙ ውፍረት ሁሉ ይታያችኋል። ከዛ ስልክ ላይ የምታዩትን የወጣቶቹን ሥራ በሌላ ዓይን ነው የምታዩት።

ከጅዳ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ እንዲህ ያለውን እየጻፉ ያቆዩልን።

እኔ ግጥሟን የጻፈችው ልጅ አይደለሁም ግን እንደሷው ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ እኔም እጽፋለሁ፣ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ በስልኬ። ጠያቂው ወንድሜ ስም የሌለው አይለጠፍ ባልከው ላይ ትንሽ አልስማማም። እኛ እዚህ ሰው ሀገር ሆነን በስማችን መጻፍ አንችልም። ማዳም ስልክ ታያለች፣ ዘመድ ያያል፣ ኤጀንሲው ያያል። አንዳንዷ ስለ ደሞዟ ወይ ስለ ቤቱ ትጽፋለች፣ ስሟ ቢወጣ ምን ሊመጣባት እንደሚችል እናንተም ታውቃላችሁ። ፎቶዋን ፈልገው አውጥተው ከግጥሙ ጋር የሚለጥፉ አድሚኖች አሉ፣ ለማክበር ብለው ነው፣ ግን እባካችሁ ሳትጠይቁ አታድርጉት። ስብስብ አዘጋጁ እንዳለው መጀመሪያ "በምን ስም" ብሎ መጠየቅ ነው። የብዕር ስም ትሰጣለች፣ ወይ "ስሜ ይቆይ" ትላለች፣ ያ ደግሞ ይጻፍ፣ "ስሟ በፈቃዷ አልተገለጸም" ተብሎ ሲጻፍ ከ"ከፌስቡክ የተገኘ" በጣም ይለያል።

ምላሹ ግን ይድረሰን። ስም ባይኖርም አድሚኑ የጻፋችሁትን ቀድቶ ሊልክልን ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ስለ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የጻፍኩትን አንዲት የማላውቃት ሴት ከደሴ "የሳሙናውን ውሃ ቀዝቃዛነት እጄ ላይ ተሰማኝ፣ መጨረሻው ላይ ግን ቸኮልሽብኝ" ብላ ጻፈችልኝ። እውነቷን ነው፣ ስጽፍ ሊነጋ ስለነበር ቸኩዬ ነው የጨረስኩት። መልሼ ጻፍኩት። እስከዛሬ ከጻፍኩት የምወደው እሱን ነው።

አንባቢ ብቻ፦

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ነው የጻፋችሁት ግን ልብ ብቻ የሚያደርጉ ሰዎችን አትፍረዱባቸው። እኔ ከነሱ ነኝ። መጻፍ የሚችል ሰው መሀል ገብቼ ምን ልበል ብዬ እፈራለሁ፣ ፊደል ስሳሳት ሰው የሚያርመኝ ይመስለኛል። እውነቴን ነው፣ አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ስለ አንድ ግጥም የተሰማትን ስትጽፍ ሦስት አራት ሰው ተነስቶ "ግጥም የማይገባሽ ከሆነ ዝም በይ" ሲላት አይቻለሁ። ከዛ በኋላ ማን ይጽፋል? ስለዚህ ምላሽ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የሚመልሰውን ሰው ተንከባከቡት፣ አድሚኖችም ተሳዳቢውን ቶሎ አስወጡት።

ስንኝ ቆጣሪ፦

እህቴ ይሄን ስላነሳሽ ጥሩ አደረግሽ። እኔ ስለ ቀለም ቆጠራ የጻፍኩት ያንን የማያውቅ አይናገር ለማለት አይደለም። ምቱን ጆሮ ራሱ ያውቀዋል፣ "እዚህ ጋ አንደናቀፈኝ" ብትዪ በቂ ነው፣ ለገጣሚው ከኔ ቆጠራ የበለጠ ይጠቅመዋል።

የቅዳሜ አንባቢ፦

በጣም ነው የማመሰግነው። ከጅዳ የጻፍሽው እህቴ፣ ስም የሌለው አይለጠፍ ያልኩትን አንቺ ባልሽው መንገድ ነው ከእንግዲህ የምለው፣ ይጠየቁ፣ መልሳቸው ይከበር። አሁን ለአድሚኑ ኢንቦክስ ጽፌለታለሁ። ያልኩት ልጅቷ ትፈለግ፣ ስሟን ካልፈለገች ይቅር፣ ግን ስለ ምጣዱ ስንኝ የጻፍኩትን ይድረሳት፣ ስንኙም ማረፊያው ጋ ለሁለት ይከፈል። የሐዋሳው ወዳጃችን የጻፈውንም ቀድቼ ጨምሬበታለሁ፣ ቅር እንደማይልህ አስቤ ነው።

ስብስብ አዘጋጁ፣ የሽመናው ወግ ሁለቱም ክፍል ያለበትን ቻናል ካልከበደህ አስቀምጥልን፣ ጸሐፊው ከፈቀደ ማለቴ ነው።

ስብስብ አዘጋጅ፦

ጸሐፊውን ጠይቄ እመልስልሃለሁ። ከሰል በወረቀት፣ የረዳቱን ስዕል ሙሉውን እንደ ፋይል ብትልክልኝ በሚቀጥለው ስብስብ ላይ ሳይቆረጥ አወጣዋለሁ፣ መጠኑንም ጻፍልኝ።

ከሰል በወረቀት፦

እልካለሁ። 70 በ50 ሳንቲሜትር ነው፣ ከሰል፣ ቡናማ ወረቀት ላይ። ከስሩ ምንም ማብራሪያ አትጻፍበት፣ ሰው መጀመሪያ የት እንዳየ ብቻ ጠይቅልኝ።